ፊትና ኋላው ያልተስማማው ቫን

«አሁንም ትንሽ አስተንፍሺው!» አለ ስኩሊ በቫኑ መስኮት አንገቱን አስግጎ።

ኤይዲስ ነዳጅ ማደያው ፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ የጎማውን ቫልቭ ተጫነች። አየሩ እያፏጨ ሲወጣ ጣቶቿ በብርድ ደነዘዙ። ከጠዋት ጀምሮ ጎማ ስታስተነፍስና መልሳ ስትነፋ ነው የዋለችው። ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

«በቃ! ተነሺ፣ ዘወር በይ!»

አጎቷ ስኩሊ የፊቱም የኋላውም ጎማ እንዲገፋ አድርጎ መሪውን ጠምዝዞ ቀስ ብሎ ሲነሣ ቫኑ ያንኑ አመሉን አሳየ። ነጠር አለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከሆዱ ሥር «ጓ!» አደረገና መንገዱን ያዘ። እርግጥ ከቅድሙ ቀለል ብሏል።

ስቫላ የማደያው ሱቅ ደረጃ ላይ ቆማ አይስክሬም ትልሳለች። ስልሳ ዓመቷን ከደፈነች ቆይታለች፤ ንፋሱ ፀጉሯን ወደ ሰማይ ቢያቆመውም ግድ አልሰጣትም።

«ስቅታ ይዞታል እንዴ?» ብላ ጮኸች።

«አዲስ ጉልበት ገብቶለት ነው፣ እስኪለምደው ነው» አለ ስኩሊ። «አንቺስ ብትሆኚ ጉልበትሽን በቀየሩልሽ ማግስት ልትጨፍሪ ነበር?»

«እኔማ በአሮጌውም አላቆምኩም! ብቻ ድስቶቼን እንዳይደፋብኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። ኤይዲስም አብራ ሳቀች። ያ ድምፅ ምን እንደሆነ አጎቷን ሦስት ጊዜ ጠይቃው ሦስት የተለያየ መልስ ሰጥቷታል። መጀመሪያ ጎማው ነው አላት፤ ቀጥሎ ቅባቱ አልሞቀም አላት፤ በመጨረሻ ደግሞ «ይስተካከላል» አለ። በአይስላንድ «ይስተካከላል» ከተባለ ነገሩ ተዘጋ ማለት ነው። ጎማ ማስተንፈስም እዚያ ለሁሉ በሽታ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። በረዶ ከያዘህ አስተንፍስ፣ አሸዋ ከዋጠህ አስተንፍስ፣ ሚስትህ ካኮረፈችህም አስተንፍስ ይሉሃል።

በሚቀጥለው ሳምንት የሸለቆው ገበሬዎች በጋውን በሙሉ ተራራ ላይ ሲግጡ የከረሙትን በጎች ሊሰበስቡ በፈረስ ይወጣሉ። ፈረሰኛ በባዶ ሆዱ በግ አያባርርምና ምግብ አብሳይዋ ስቫላ ድስቶቿን ይዛ በየማደሪያው ቀድማቸው ትደርሳለች። እስከ ዓምና ድረስ ድስቱም ምግቡም የሚጓዘው በትራክተር ተጎታች ነበር። ዘንድሮ ግን ቫን አለ። ከሁሉም በላይ ቫን ከምትነዳው ከስቫላ ጎን ሁለተኛ መቀመጫ አለው፤ በእሱ ላይ የምትቀመጠው ረዳቷ ኤይዲስ ናት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ተራራውን ከታች ሆና ስታየው ኖራ ልትወጣው ነው። ትምህርት ቤቱም ፈቅዷል። በዚያ ሸለቆ በግ በሚሰበሰብበት ሳምንት ፈተና የሚፈትን አስተማሪ ገና አልተወለደም።

ቫኑ ድሮ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኞችን ያመላልስ ነበር። የሚገፋው የኋላ ጎማው ብቻ ስለነበረ እንኳን ወንዝ፣ ጤዛ ያረጠበው ሣር ላይም ይዳክር ነበር። ስኩሊ በፀደይ ወራት ከነዝገቱ ጎትቶ አመጣውና ከእነ ኤይዲስ ቤት ጎን ያለው መጋዘን ውስጥ አስገባው። ገላውን ከፍ አደረገው። ለትልልቅ ጎማ እንዲበቃ የጎማውን ቤት በመጋዝ ቀደደው። ከተጣለ ጂፕ ላይ ሙሉ የፊት እግር፣ የዘንጉን ዙር ወደ ጎማዎቹ ከሚያስተላልፈው የጥርስ ቤት ከዲፈረንሻሉ ጋር፣ ፈትቶ ከሥሩ አሰረው። ከካምቢዮው ኋላም ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍል ሳጥን ጨመረና ከሳጥኑ ወደ ፊት አዲስ ዘንግ ዘረጋ። ኤይዲስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ ከእሱ ጋር ከቫኑ ሥር ትገባ ነበር።

እናቷ ቶራ በመስኮት ታያቸውና ዐይኗን ትጠርጋለች። ወንድሟ ባለፈው ክረምት፣ ፀሐይ እምብዛም በማትታይበት የጨለማ ወራት፣ ከምድር ቤቱ ክፍል አልወጣም ነበርና። አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ከረመ። የበግ ሾርባ ይወርድለታል፣ ሾርባው በርዶ ይመለሳል። ሐኪም መጣ፣ ሄደ። ሰው ስሙን ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ከዚያ ያ ዝገታም ቫን መጣና ሰውዬው ተነሣ። ምን እንዳስነሣው ለኤይዲስ ዛሬም እንቆቅልሽ ነው፤ ብቻ ተነሣ፣ በላ፣ መቀለድም ጀመረ።

በወንዙ ዳር ጥቁሩ አሸዋ ላይ የሞከሩት ዕለት የሸለቆው ሰው ግማሹ ሊያይ መጥቶ ነበር። ቫኑ በሁሉም ጎማው እየቧጠጠ ዳገቱን ሲወጣ፣ በጎቹን የሚሰበስቡትን ፈረሰኞች የሚመራውና የተራራው ንጉሥ የሚሉት ኬቲል ሳይቀር ባርኔጣውን አወለቀ። አንድም ድምፅ የለ፣ አንድም መንጠር የለ። በመልሱ ግን አስፋልት ሲረግጡ ስኩሊ የፊቱን እግር ሊያላቅቅ ማንሻውን ቢጎትት፣ ቢጎትት እምቢ አለው። ትንሽ ወደ ኋላ ሄደና ጎተተው፤ ያኔ «ጓ!» ብሎ ለቀቀ። ስኩሊ ያን ጊዜ አልቀለደም። ኤይዲስን ግራ ያጋባት እንግዲህ ይሄ ነው። አሸዋ ላይ ጤነኛ፣ አስፋልት ላይ በሽተኛ የሚሆን መኪና ምን ዓይነት መኪና ነው?

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስኩሊና እናቷ ለጉዞው ዕቃ ሊገዙ ወጥተው ነበር። ስልኳ ላይ አንድ ቪዲዮ አይታ ነበር። ሰውዬው እያዛጋ እንደገለጸው ነገሩ ቀላል ነው፤ የፊቱም የኋላውም ዘንግ እኩል ሲዞር ጎማዎቹም እኩል መራመድ አለባቸው። ዲፈረንሻሎቹ ውስጥ ያለው ጥርስ ከተለያየ አንደኛው ጥንድ ይፈጥናል፣ ሌላኛው ይጎተታል። አሸዋ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ልዩነቱ ይዋጣል፤ የተነፈሰ ጎማም ይሸፍነዋል። የሚንሸራተትበት ካጣ ግን ሳጥኑ ውስጥ ይጠራቀምና አንድ ቀን የሆነ ነገር ይሰበራል።

ቫኑን በክሪክ አነሣችው። ማርሹን ፍሪ አደረገች፣ ጎማውም ዘንጉም ላይ በኖራ ምልክት አደረገችና ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቆጠረች። የኋላው አራት ዙር ሞልቶ ጥቂት ብቻ አለፈ። የፊቱ አራት ተኩልን አለፈ።

«አይደለም» አለች ጮክ ብላ። ደግማ ቆጠረች፤ ያው ነው። በሦስተኛው የጀመረችበትን ምልክት ረሳችውና ቁጥሩ ተምታታባት፤ ደስ አላት። ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብላ አሰበች። እንዲያ ቢሆንላት ምንኛ በወደደች! ስኩሊ ሸለቆው ውስጥ ካሉት ሁሉ የላቀ መካኒክ ነው፤ እሷ ደግሞ ሒሳብ የሚያቅለሸልሻት ልጅ ናት። ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው?

ማታ እራት ሲያነሡ ለእናቷ ነገረቻት። ስኩሊ ምድር ቤት ሆኖ እያፏጨ ነበር።

«እና አይሄድም ነው የምትዪኝ?» አለች ቶራ።

«ይሄዳል። ግን ሊሰበር ይችላል። መሰለኝ። እንጃ እማዬ፣ ግራ ገብቶኛል።»

«እንጃ ካልሽ ተዪው።»

«ወንዙ ውስጥ ቢሰበርስ?»

ቶራ የእቃ ማጠቢያውን ውሃ ዘጋችና ወደ ልጇ ዞረች። «ስሚኝ። ባለፈው ክረምት በየጠዋቱ ያንን ደረጃ ስወርድ በሩን ከመክፈቴ በፊት ቆሜ አዳምጥ ነበር። ይተነፍሳል ወይስ አይተነፍስም ብዬ። ይሄው ያፏጫል። በዚህ ሳምንት ስህተት አትፈልጊበት፣ እባክሽ። ከተመለሳችሁ በኋላ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።»

ኤይዲስ ሳህኖቹን መደርደር ጀመረች። እናቷ ትክክል ናት። እናቷ ትክክል ከሆነች ታዲያ ወንዙ ለምን ከሐሳቧ አይወጣም? ሁለቱም ነገር እውነት ሲሆን ሰው የቱን ይዞ የቱን ይለቃል? እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ በሐሳቧ ዘንግ ስታዞር አመሸች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ መጋዘኑ በር ላይ ቆመች። ስኩሊ ለስቫላ ምድጃ መደርደሪያ እየበየደ ነበር። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ።

«አንቺ ፍንዳታ! የት ጠፋሽ? ያንን ብረት ያዢልኝ።»

«ስኩሊ፣ ቆጥረሃቸው ነበር?»

«ምኑን?»

«ዲፈረንሻሎቹን። የፊቱንና የኋላውን።»

የብየዳውን እጀታ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። «አንቺ ቆጠርሽ እንዴ?»

«አዎ። አንድ አይደሉም። ወይም እኔ ተሳስቼ ይሆናል።»

«አልተሳሳትሽም።»

እንደሚስቅባት ጠብቃ ነበር፤ ካልሆነም እንደሚቆጣት። ይሄኛውን ግን አልጠበቀችም።

«የፊቱ እግር ላይ ፋብሪካው የለጠፋት፣ የጥርሱ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ የብረት ሳህን ነበረች» አለ ስኩሊ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ቁጥሯ ከኋላው ጋር አንድ ነው። አመንኳት። እንደኔ ያለ ጅል የት አለ? በዚህ አገር ከፋብሪካ እንደወጣ የቀረ መኪና አይተሽ ታውቂያለሽ? ያ ጂፕ የኬቲል ወንድም ንብረት ነበር፤ ለትልቅ ጎማ ብሎ ጥርሱን ቀይሮታል። ሳህኗን ማን ይቀይራል? እኔም አልቀይራትም ነበር።»

«መቼ አወቅህ?»

«አሸዋው ላይ በሞከርነው ማግስት።»

«ታዲያ እስካሁን ጎማ ስታስተነፍሰኝ… ዐይኔን እያየህ ጎማው ነው አልከኝ እኮ!»

«ጎማው ሲተነፍስ ድምፁ ይጠፋል አይደል? ውሸት አይደለም።» ደረቅ ሳቅ ሳቀና ወዲያው ተወው። «ተይኝ፤ ውሸት ነው። ተመሳሳይ ጥርስ ፈልጌ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በፊት አይደርስም። ግን አስቢው፤ መንገዱ ጠጠር ነው፣ አሸዋ ነው። የፊቱን እግር የምታስገቡት ወንዙ ላይ ብቻ ነው። ጎማው ለስላሳ ይሁን፣ ቀስ ተብሎ ይነዳ። ይስተካከላል።»

«ወንዙ ውስጥ ያለው ትልልቅ ድንጋይ ነው።»

«እርጥብ ድንጋይ ነው፣ ይንሸራተታል።»

«ባይንሸራተትስ?»

ስኩሊ ሄዶ ቫኑን ተደገፈ። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ትንሽ መሰለ።

«ኤይዲስ፣ ባለፈው ክረምት ሰው ስለእኔ ሲያወራ እንደ ታመመች ላም ነበር የሚያወራው። 'ምስኪን፣ ምን ይሻለው ይሆን?' አሁን ሱቅ ስገባ ይሰድቡኛል። መሰደብ እንዴት እንደሚጥም ታውቂያለሽ? ኬቲል ባርኔጣውን ሲያወልቅ አይተሻል። አሁን ሄጄ ተሳስቻለሁ ልበለው? ተመልሰው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉብኛል። እሱን አልችልም። አንዴ ብቻ ይሂድ፤ ሲመለስ እኔና አንቺ ፈትተን እናስተካክለዋለን። እሺ?»

«እሺ» አለች ኤይዲስ።

ለምን እሺ እንዳለች አታውቅም። ከአፏ ወጣ፣ አለቀ። በሩን አልፋ ከወጣች በኋላ ግን የተስማማችበት ነገር ምን እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረች። ለአጎቷ አዘነችለት፤ ተናደደችበትም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተራራውን አሰበችና በራሷ አፈረች። ቫኑ ከቀረ ትራክተሩ ይሄዳል። ትራክተሩ ደግሞ ያለው መቀመጫ አንድ ነው፣ እሱም የስቫላ።

ረቡዕ ስቫላን ሱቅ ውስጥ አገኘቻት። ጋሪዋን በደረቅ ዓሣና በቅቤ ሞልታለች። ከቦርሳዋ ወፍራም የሱፍ ሻርፕ አውጥታ የኤይዲስ አንገት ላይ ጠመጠመችላት።

«ለመንገዱ ነው። ወንዙ ጋ ስንደርስ አንቺ በውሃው መምጫ በኩል ነው የምትቀመጪው፣ ተስማማን? እኔ ዋና አልችልም። ትምህርት ቤት ሳለሁ በዋና ክፍለ ጊዜ ሁሌ ራሴን ያመኝ ነበር።»

«ምንም አትችዪም?»

«ምንም። በዚህ ሸለቆ ዋና የማልችል እኔ ብቻ ነኝ፤ በጎቹ እንኳ ይችላሉ።» ሳቀች። «ትራክተሩ ላይ ሆኜ በየዓመቱ ስሻገር እጸልይ ነበር። ዘንድሮ ግን ስኩሊ የሠራው ነው፣ ዐይኔን ጨፍኜ ነው የምገባው።»

ኤይዲስ አመሰግናለሁ ማለት ፈለገች፤ የሻርፑን ጫፍ ብቻ ያዘች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ እንዲህ ሲሳቅ ነው። አሁን ንገሪያት፣ አሁን ንገሪያት ይላታል አንዱ ልቧ። ሌላው ልቧ ደግሞ ደረጃው ላይ ቆማ እስትንፋስ የምታዳምጠውን እናቷን ያሳያታል። ስቫላ ጋሪዋን እየገፋች ከእንቁላሉ መደርደሪያ ጀርባ ተሰወረች።

ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነጋ። ተራራው ላይ አዲስ በረዶ ጣል ብሎበታል። ቶራ የልጇን ቦርሳ ሁለት ጊዜ አየችላት፣ ዐይኗን ግን አላየቻትም። ስኩሊ መጋዘኑን ከፍቶ ምድጃውን ቫኑ ላይ ያስራል፤ ያፏጫል፤ ማፏጨቱ ግን መሀል ላይ ይቆራረጥበታል። ከሩቅ የስቫላ መኪና በጠጠሩ መንገድ አቧራዋን እያስነሣች ስትመጣ ታየች።

ኤይዲስ ቦርሳዋን ግድግዳው ሥር አስቀመጠች። ልቧ እንደ ትናንቱ ሁለት ነበር፤ አንዳችም የጠራ ነገር የለም። ከመሣሪያው ጠረጴዛ ላይ አንድ መፍቻ አነሣችና በጀርባዋ ተኝታ ከቫኑ ሥር ገባች። የፊቱ ዘንግ ከፊቷ በላይ ነው። ዘንጉ ከወለቀ ቫኑ እንደ ድሮው በኋላው ብቻ ይገፋል፤ ሱቅ ድረስ ይሄዳል፣ ወንዝ ግን አይሻገርም። መፍቻውን የመጀመሪያው ቡሎን ላይ አሳርፋ ገፋች። አልነቃነቅ አለ።

ፉጨቱ ቆመ።

«ኤይዲስ» አለ ስኩሊ።

ከቫኑ ሥር የሚታያት ሰማያዊ ቦቲው ብቻ ነው። ውጭ የመኪና በር ተዘጋና ሁለት ቀይ ቦቲዎች መጥተው ከሰማያዊዎቹ ጎን ቆሙ።

«ዝግጁ ነን?» አለች ስቫላ። «ልጅቷ እዚያ ሥር ምን ታደርጋለች?»

ኤይዲስ መፍቻውን እንደያዘች ጠበቀች። ቅባት እያየች ነው ሊል ይችላል። ሊቆጣም ይችላል። ሰማያዊዎቹ ቦቲዎች ሳይንቀሳቀሱ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ዞሩ፤ ከመጋዘኑ ወጥተው ወደ ቤቱ ሄዱ። የምድር ቤቱ በር ሲከፈት ሰማች።

አለቀ፣ ተመልሶ ተኛ አለች በሆዷ። እኔ ነኝ የመለስኩት። እንባዋ በጆሮ ግንዷ ወርዶ ፀጉሯ ውስጥ ገባ። እጇ ግን ቡሎኑን ለቀቅ አላደረገም፤ ትገፋለች፣ መፍቻው ይንሸራተታል፣ መልሳ ትገፋለች።

ስቫላ እያቃሰተች ቁጢጥ አለችና ከቫኑ ሥር አየቻት። «ምን ሆንሽ የኔ ልጅ? ምን ተበላሸ?»

«ቆይ» አለች ኤይዲስ አፍንጫዋን እየሳበች። «እሱ ይንገርሽ። ካልነገረሽ… እኔ እነግርሻለሁ። ቆይ ብቻ።»

የምድር ቤቱ በር እንደገና ተከፈተ። ሰማያዊዎቹ ቦቲዎች በፍጥነት ተመለሱ፣ ቫኑ አጠገብ ቆሙ፣ ቀጥሎ ጉልበቱ፣ ቀጥሎ ትከሻው መጣ። ስኩሊ እንደ እሷ በጀርባው ተንሸራቶ ገባ። በእጁ እጀታው ረዥም የሆነ ሌላ መፍቻ ይዟል።

«በዚያኛው የቡሎኑን ጭንቅላት ትበዪዋለሽ» አላት። «ቁጥሩ አንድ ነው፣ ግን አፉ ሰፍቷል።»

ከዚያ ዐይኑን ከዘንጉ ሳይነቅል ድምፁን ከፍ አደረገ። «ስቫላ! ለኬቲል ደውይለት፣ ትራክተሩን ይላክ። የፊቱና የኋላው ጥርስ አይገጥምም። ሳልቆጥር አስሬው ነው። ካወቅሁም ሰንብቻለሁ።»

ስቫላ ስድቡን ጀመረች። ጅል አለችው፣ የበግ ራስ አለችው፣ እናቱ በስንት ምጥ እንደወለደችውና ድካሟ በከንቱ እንደቀረ ነገረችው፣ እሷን ውሃ ውስጥ ሊጨምር እንዳሰበ ለመንደሩ ሁሉ እንደምታወራ ማለች። ስልኳን ከኪሷ እያወጣችም አላቋረጠችም፤ ድምፅዋ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር።

ስኩሊ አዳመጣት። ጢሙ ሥር ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፤ ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ ኤይዲስ መለየት አልቻለችም። እሷም እንደ እሱ ነበረች።

«ዘንጉ ከባድ ነው» አላት ኤይዲስን በመጨረሻ፣ መፍቻውን ቡሎኑ ላይ እያሳረፈ። «ሲወልቅ ፊትሽ ላይ ይወድቃል።»

ኤይዲስ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለትና የዘንጉን ጫፍ በሁለት እጇ ደግፋ ያዘች።